በቀን 1 በመቶ፦ የ100 ዶላር ቦት ሒሳብ

ቴሌግራም የሚከፍት ሰው ማስታወቂያውን ሳያየው አይቀርም። «100 ዶላር አስገባ፣ ቦቱ ይሠራልሃል፣ አንተ ተኛ።» ከሥሩ ወደ ላይ የሚወጣ አረንጓዴ መስመር ይታያል። አንዳንዱ በቀን 1 በመቶ ይላል። ደፈር ያለው በሳምንት 20 በመቶ ብሎ ይጽፋል።

ነገሩ በተነሳ ቁጥር ሰው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ሌብነት ነው፣ አለቀ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ዎል ስትሪት ራሱ የሚነግደው በኮምፒውተር ነው፣ እናንተ ስላልገባችሁ ነው» ብሎ ይመልሳል።

ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ኮምፒውተር ነግዶ ያተርፋል፤ ይህ አያከራክርም። ትንሽ ገንዘብ በመቶኛ ሲሰላ ትልቅ ትርፍ ሊያመጣ መቻሉም በመርህ ደረጃ ውሸት አይደለም። ሒሳቡ የሚፋለሰው ሁለቱን አንድ ላይ አምጥተን «ስለዚህ በ100 ዶላርና በቦት መኖር ይቻላል» ስንል ነው። የመቶኛ ትርፍና ኪስ የሚገባ ገንዘብ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ግራ መጋባቱም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ቦቱ ምን ይሠራል?

ቦት ፕሮግራም ነው። ከብሮከር ጋር ይገናኛል። ብሮከር ማለት የመግዛትና የመሸጥ ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስፈጽም ድርጅት ነው። ቦቱ በተሰጠው ሕግ መሠረት ራሱ ይገዛል፣ ራሱ ይሸጣል። ሕጉ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ለምሳሌ «የዩሮ ዋጋ ካለፉት 50 ሰዓታት አማካይ በላይ ሲወጣ ግዛ፣ ሲወርድ ሽጥ» የሚል። በጣም የተወሳሰበም ሊሆን ይችላል። አሁን አሁን ደግሞ «ኤአይ» የሚል ታፔላ ያልተለጠፈበት ቦት ማግኘት ከባድ ሆኗል።

ቦት ያለው ነገር ፍጥነትና አለመድከም ነው። ሕጉ የሚያተርፍ ከሆነ ሳይደክም ያተርፋል። የሚያከስር ከሆነም ሳይደክም ያከስራል። ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 የደረሰበት ይኸው ነው። ሶፍትዌሩ ላይ በተፈጠረ ስሕተት በ45 ደቂቃ ውስጥ ወደ 440 ሚሊዮን ዶላር አጣ። ያውም ባለሙያ የሞላበት ቤት ነበር።

በቀን 1 በመቶ ሲባል

1 በመቶ ትንሽ ይመስላል። ለዚህም ነው የሚመረጠው። ግን ትርፉ ላዩ ላይ እየተጨመረ ሲሄድ ምን እንደሚሆን እንየው።

ገበያው በዓመት 250 ቀን ገደማ ይሠራል እንበል። 100 ዶላር በቀን 1 በመቶ ሲያድግ በአንደኛው ዓመት መጨረሻ 1,200 ዶላር ገደማ ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት 14,500 ገደማ ይደርሳል። እስካሁን «ይቻል ይሆናል» ያሰኛል። በአምስተኛው ዓመት ግን 25 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። በአሥረኛው ዓመት ከ6 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ይሆናል። ጃፓን በሙሉ በዓመት ከምታመርተው ይበልጣል ማለት ነው። ይህ ሁሉ እንግዲህ ከአንድ 100 ዶላር ነው።

ሻጮቹ ለዚህ መልስ አላቸው። «ትርፉን በየወሩ እናወጣዋለን እንጂ አናጠራቅመውም» ይላሉ። እሺ፣ እንደዚያም ይሁን። ሳይጠራቀም እንኳ በዓመት 250 በመቶ ነው። ይህን ቁጥር በዓለም ላይ አሉ ከሚባሉት ነጋዴዎች ጋር ማነጻጸር ይቻላል።

እነማን ናቸው በእርግጥ የሚያተርፉት?

በኮምፒውተር ንግድ ታሪክ ከፍተኛው ስም ሜዳሊየን ነው። ሜዳሊየን የሒሳብ ሊቁ ጂም ሳይመንስ ባቋቋመው ሬኔሳንስ ቴክኖሎጂስ ሥር ያለ ፈንድ፣ ማለትም ገንዘብ ተሰብስቦ የሚነገድበት ቋት፣ ነው። ከ1988 እስከ 2018 በነበሩት ዓመታት አስተዳዳሪዎቹ የሚወስዱት ክፍያ ሳይነሳለት በአማካይ በዓመት 66 በመቶ ያህል አተረፈ። ክፍያ ከተነሳ በኋላ 39 በመቶ ገደማ ነው። የሒሳብና የፊዚክስ ዶክተሮችን ሰብስቦ፣ ውድ መረጃና ማሽን ገዝቶ የደረሰበት ጣሪያ ይህ ነው። በቴሌግራም የሚሸጠው ቦት ከዚህ በአራት እጥፍ ገደማ የተሻለ ነኝ እያለ ነው።

ሜዳሊየን ሌላም ነገር ያስተምራል። ፈንዱ ከ1993 ወዲህ አዲስ የውጭ ሰው ገንዘብ አይቀበልም። መጠኑንም 10 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ይዞ ትርፉን ለባለቤቶቹ ይመልሳል። ለምን? ገንዘቡ ሲበዛ ትርፉ ስለሚቀንስ ነው። በብዛት የገዛ ሰው ገዝቶ ሳይጨርስ ዋጋውን ራሱ ያስወድደዋል። ትርፍ የሚገኝባት ቀዳዳ ጠባብ ናት።

ከዚህ የምንረዳው ለትንሹ ነጋዴ የሚያደላ እውነት አለ። ባጃጅ የምትገባበት ቅያስ ሲኖትራክ አይገባም። ትልልቆቹ ጊዜያቸውን የማያጠፉበት ትንሽ ገበያ፣ ትንሽ የዋጋ ልዩነት ሊኖር ይችላል። 100 ዶላር የያዘ ሰው እዚያ ገብቶ በመቶኛ ከፍ ያለ ትርፍ ቢያገኝ ተአምር አይደለም።

አሁን ግን መቶኛውን ወደ ዶላር እንለውጠው። የ100 ዶላሩ ባለቤት በዓለም አንደኛ የሆነውን ፈንድ ውጤት አገኘ እንበል። በዓመት 66 ዶላር ነው። በወር አምስት ዶላር ተኩል።

የሕንድ የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪ ሴቢ በመስከረም 2024 ያወጣው ጥናትም እዚህ ላይ ይረዳል። ተቆጣጣሪው እስከ መጋቢት 2024 ባሉት ሦስት የበጀት ዓመታት በአክሲዮን ውል ግብይት የተሳተፉ ግለሰቦችን መረጃ መረመረ። 93 በመቶው ከስረዋል። በሌላው ወገን ያተረፉት ትልልቅ ድርጅቶችና የውጭ ፈንዶች ናቸው። በመጨረሻው ዓመት ደግሞ ከትርፋቸው በቅደም ተከተል 96 እና 97 በመቶ የሚሆነው በአልጎሪዝም፣ ማለትም በቦት፣ የተገኘ ነው። ስለዚህ «ቦት ያተርፋል» የሚለው ትክክል ነው። የማን ቦት ከማን ኪስ ያተርፋል ብሎ መጠየቅ ግን የግድ ይላል።

ከትርፉ በፊት የሚሄደው ገንዘብ

ብዙ ክርክር የሚዘለው ይህን ክፍል ነው፤ አሰልቺ ስለሆነ ይመስለኛል። ትንሽ ገንዘብን የሚገድለው ግን በአብዛኛው የገበያው ክፋት ሳይሆን ወጪው ነው።

የመጀመሪያው ወጪ ስፕሬድ ነው። ስፕሬድ በአንድ ቅጽበት ባለው የመግዣና የመሸጫ ዋጋ መካከል ያለ ልዩነት ነው። ባንክ ቤት ግድግዳ ላይ ያለውን የምንዛሪ ሰሌዳ ያየ ሰው ያውቀዋል። ዶላር ገዝቶ እዚያው መልሶ ቢሸጥ ይከስራል። ፎሬክስም (የዓለም የምንዛሪ ገበያ) ላይ እንደዚሁ ነው፤ ልዩነቱ ግን በጣም ትንሽ ነው።

በቁጥር እንየው። በተለመደው አካውንት ትንሹ ግብይት 0.01 ሎት ይባላል። በዩሮና በዶላር ገበያ ይህ 1,000 ዩሮ ማለት ነው። ስፕሬዱ አንድ ፒፕ ቢሆን (ፒፕ ማለት የዋጋው አራተኛ አሥርዮሽ ቤት ነው) በአንድ ግብይት 10 ሳንቲም ዶላር ይሄዳል። 10 ሳንቲም ምን አላት? ቦቱ ግን በቀን 10 ጊዜ ከነገደ አንድ ዶላር ሄደ። አካውንቱ ውስጥ ያለው 100 ዶላር ነው። ስለዚህ በቀን 1 በመቶ ለስፕሬድ ብቻ ይከፈላል።

ማስታወቂያው ቃል የገባው 1 በመቶና የስፕሬዱ 1 በመቶ እኩል መሆናቸው አጋጣሚ ነው። የሚናገረው ግን ብዙ ነው። ይህ ቦት ቃል የገባውን ለማድረስ ከወጪ በፊት በቀን 2 በመቶ ማግኘት አለበት። በዓመት ለስፕሬድ የሚከፈለው 250 ዶላር ይሆናል፤ የዋናው ገንዘብ ሁለት እጥፍ ተኩል ማለት ነው።

ሁለተኛው ወጪ ሰርቨር፣ ማለትም ሌላ ቦታ ሆኖ ሳይጠፋ የሚሠራ ኮምፒውተር፣ ነው። ቦቱ ሌሊትም ቀንም መሥራት አለበት። መብራት በጠፋና ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር የሚቆም ቦት ባይኖር ይሻላል። ግዢ ከፍቶ መዝጋት ሳይችል ሊቀር ይችላልና። ስለዚህ ሰርቨር ይከራያል። ክራዩን በወር 10 ዶላር እናድርገው፤ በዓመት 120 ነው። ከላይ ያልነውን እናስታውስ። የዓለም አንደኛው ፈንድ ውጤት በ100 ዶላር ላይ በወር አምስት ዶላር ተኩል ነበር። የሰርቨሩን ክራይ ግማሽ እንጂ ሙሉውን አይሸፍንም።

በዚህ ላይ የቦቱ ራሱ ዋጋ ወይም ወርሃዊ ክፍያ አለ። ገንዘብ ሲገባና ሲወጣ የሚቆረጥ አለ። «ሴንት አካውንት» የሚባለውን የሚያነሱ ይኖራሉ፤ እዚያ ግብይቱ በጣም ጥቃቅን ስለሆነ የመጀመሪያው ችግር ይቀላል። እውነት ነው። የሰርቨሩ ክራይና የቦቱ ዋጋ ግን በሴንት አይከፈሉም።

10,000 ዶላር ላለው ሰው ይኸው 120 ዶላር 1.2 በመቶ ብቻ ነው። 100 ዶላር ላለው 120 በመቶ ነው። ልዩነቱ ከብልሃት ጋር ምንም አይገናኝም።

ሌቨሬጅ፦ ትንሹን የሚያተልቀው ብድር

ቅድም በተለመደው አካውንት ከ1,000 ዩሮ በታች መነገድ እንደማይቻል አየን። ታዲያ 100 ዶላር ያለው ሰው 1,000 ዩሮ ከየት አመጣ? ከሌቨሬጅ ነው። ሌቨሬጅ ማለት ትንሽ መያዣ አስይዞ በብዙ እጥፍ መነገድ ነው። ትንሹ ግብይት ራሱ የአካውንቱን 11 እጥፍ ገደማ ነው።

አንዳንድ ብሮከሮች አንድ ለ500 ይሰጣሉ። በ100 ዶላር 50,000 ዶላር ማንቀሳቀስ ይቻላል። ደስ ይላል። ዋጋው በተቃራኒው 0.2 በመቶ ቢንቀሳቀስ ግን 100ው ዶላር አለቀ። የዩሮና የዶላር ዋጋ በአንድ ተራ ቀን ከዚህ በላይ ሲወዛወዝ ማየት የተለመደ ነው።

የአውሮፓ የገበያ ተቆጣጣሪ ኤስማ እ.ኤ.አ. በ2018 ጣልቃ የገባው በዚህ ምክንያት ነው። በብድር በሚነገዱ እንዲህ ዓይነት ውሎች ከ74 እስከ 89 በመቶ የሚሆኑ የግለሰብ አካውንቶች እንደሚከስሩ ገልጾ፣ ለዋና ዋና ገንዘቦች ጣሪያውን አንድ ለ30 አደረገ። አሜሪካ ውስጥ ጣሪያው አንድ ለ50 ነው። አንድ ለ500 የሚሰጥ ድርጅት እንግዲህ ከእነዚህ ሕጎች ውጭ ተቀምጦ የሚሠራ ነው።

«ስቶፕ ሎስ አለኝ፣ ኪሳራው ከዚህ አያልፍም» የሚል አለ። ስቶፕ ሎስ ዋጋው የተወሰነ ቦታ ሲደርስ ግብይቱን የሚዘጋ ትእዛዝ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2015 ግን የስዊዘርላንድ ማዕከላዊ ባንክ በፍራንኩ ላይ ያስቀመጠውን ገደብ ድንገት አነሳ። ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በደቂቃዎች ውስጥ ከ1 በታች ወረደ። በመሃል የሚገዛ ሰው ስላልነበረ ትእዛዞቹ በተጻፈባቸው ዋጋ አልተፈጸሙም። ብዙ ሰው ካስገባው በላይ ዕዳ ውስጥ ገባ፤ የእንግሊዙ አልፓሪን ጨምሮ ብሮከሮችም ወደቁ።

የሚያምረው አረንጓዴ መስመር

«ውጤቱ ግን በዓይን ይታያል» ይባላል። መስመሩ በእርግጥ ይታያል። እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ግን ጠቃሚ ነው።

አንደኛው መንገድ ማርቲንጌል ይባላል። ቦቱ በከሰረ ቁጥር ቀጣዩን ውርርድ እጥፍ ያደርጋል። አንድ ዶላር ከከሰረ ሁለት፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ ስምንት። አንዴ ሲያሸንፍ ሁሉም ይመለሳል። መስመሩ ለቀናት፣ አንዳንዴ ለወራት ቀጥ ብሎ ይወጣል። ስድስት ጊዜ በተከታታይ ሲከስር ግን 63 ዶላር ሄዷል። ሰባተኛው ውርርድ 64 ዶላር ይፈልጋል፤ 100 ዶላር ከነበረው አካውንት የቀረው 37 ነው። አለቀ። ዕድሉ እኩል በእኩል ከሆነ እንዲህ ያለ ተከታታይ ኪሳራ በአማካይ በ126 ግብይት ውስጥ ይመጣል። በቀን 10 ጊዜ ለሚነግድ ቦት 13 የገበያ ቀን ገደማ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የበለጠ ረቂቅ ነው። ባክቴስት ማለት ቦቱን ባለፈው ዘመን ዋጋ ላይ መፈተን ነው። በራሱ ጥሩ ልማድ ነው፤ ባለሙያም ያደርገዋል። ችግሩ ያለፈውን ካወቁ በኋላ የሚያተርፍ ሕግ ማግኘት ቀላል መሆኑ ነው። ሳንቲም እየጣሉ ብቻ የሚነግዱ 1,024 ቦቶች ቢኖሩ፣ በአማካይ አንዱ 10 ወር በተከታታይ ትክክል ይሆናል። ሻጩ 1,023ቱን ሰርዞ ያችን አንዷን ይዞ ይመጣል። አንዳንዴ ዋሽቶም አይደለም። ራሱም ያምናታል።

«ቢያንስ ቦት ስሜት የለውም»

የቦት ደጋፊዎች ጠንካራ ክርክር ይህ ነው። ሰው ይፈራል፣ ይጎመጃል፣ ኪሳራውን ለመመለስ ይጣደፋል። በብራዚል የተሠራ አንድ ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት የቀን ንግድ የጀመሩ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ከ300 ቀን በላይ ከጸኑት ውስጥ 97 በመቶው ከስረዋል። ከአገሪቱ ዝቅተኛ ደመወዝ በላይ ያገኙት 1.1 በመቶ ብቻ ናቸው። ስለዚህ በእጅ ከመነገድ በማሽን መነገድ ይሻላል ማለት አሳማኝ ይመስላል።

ክርክሩ በከፊል ያስኬዳል። ስሜት አንዱ የኪሳራ ምክንያት ነው፤ እሱን ማስወገድ ያንን ምክንያት ያስወግዳል። ገበያው የማያውቀውን ነገር ግን አያሳውቅም። ስሜት የሌለው ሆኖ ብልጫም የሌለው ቦት ስፕሬዱን እየከፈለ ቀስ ብሎ ያልቃል።

ማሽን ለትንሽ ገንዘብ በደንብ የሚሠራበት ቦታ አለ። እሱ ግን ብዙ አያስጎመዥም። አሜሪካ ወይም አውሮፓ የሚኖር ሰው በየወሩ ከደመወዙ 50 ዶላር በራሱ እየተቆረጠ ሰፊ የአክሲዮን ፈንድ እንዲገዛለት ማዘዝ ይችላል። ይህም አውቶማቲክ ነው። የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች አክሲዮን በረጅም ዘመን አማካይ በዓመት 10 በመቶ አካባቢ አስገኝቷል፤ የሚወድቅበት ዓመትም ሞልቷል። በቀን ሳይሆን በዓመት መሆኑ ነው ልዩነቱ።

ብር ሲወርድ ቦቱ ያተረፈ ይመስላል

ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ የሚያሳስት ነገር ይጨመራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ የባንክ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ወጣ። በዚያ ሰሞን ቦት ላይ 100 ዶላር የነበረው ሰው ቦቱ ምንም ባያተርፍ እንኳ በብር ሲያሰላው እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። «ቦቱ ሠራልኝ» ብሎ ቢያወራ አይገርምም። የሠራው የምንዛሪው ለውጥ ነው። ዶላሩን በጥቁር ገበያ የገዛ ደግሞ ያን ያህል እንኳ አላገኘም፤ ሲገዛም በውድ ነበርና። ትርፍን በገባበት ገንዘብ ማስላት ይህን ብዥታ ያጠራዋል።

የሕጉ ጉዳይ አጭር ነው። በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት በካፒታል ገበያ አገልግሎት ለመሰማራት ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃድ የሌለው የቴሌግራም አስተዳዳሪ ገንዘቡን ይዞ ቢጠፋ የሚከሰስ ድርጅት የለም። የሚታገድ አካውንትም እዚህ አገር የለም።

ቦት የሌለበት ቦት

እስካሁን ያወራነው ቦቱ በእርግጥ አለ ብለን ነው። ሁልጊዜ አይኖርም። ቢትኮኔክት የተባለው ድርጅት «የሶፍትዌር ንግድ» ብሎ በወር እስከ 40 በመቶ ቃል ሲገባ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ተዘጋ። የአሜሪካ ዓቃቤ ሕግ የማጭበርበሩን መጠን 2.4 ቢሊዮን ዶላር ብሎታል።

ለእኛ ጉዳይ የሚቀርበው ግን የደቡብ አፍሪካው ሚረር ትሬዲንግ ኢንተርናሽናል ነው። መነሻው 100 ዶላር የሚያወጣ ቢትኮይን ነበር። ቦት ይነግድላችኋል ተባለ፤ ሰው ላመጣ ሰው ጉርሻም ይሰጥ ነበር። በ2020 መጨረሻ ፈረሰ። የአሜሪካ የሸቀጥ ውል ግብይት ኮሚሽን ባቀረበው ክስ ድርጅቱ ቢያንስ 29,421 ቢትኮይን ተቀብሏል፤ ያኔ በተሰላው ዋጋ ከ1.7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ገንዘቡ በቀጥታም በተዘዋዋሪም ሙሉ በሙሉ ባክኗል ይላል ክሱ። ይኸው ኮሚሽን በጥር 2024 «ኤአይ» የንግድ ቦትን የገንዘብ ማምረቻ እንደማያደርገው ለሕዝብ ሲያስጠነቅቅ ይህንኑ ጉዳይ ምሳሌ አድርጎ ጠቅሷል።

አሠራሩ የታወቀ ነው። ለመጀመሪያዎቹ የሚከፈለው ከኋለኞቹ በሚገባ ገንዘብ ነው። እቁብን የሚመስለው እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው። እቁብ የታወቀ አባልና የታወቀ ማብቂያ አለው፤ ሁሉም ያዋጣውን ያህል ያነሳል።

ይህን እያወቁ የሚገቡ ሰዎች አሉ። «ይፈርሳል፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ቀድሜ ገብቼ ቀድሜ እወጣለሁ» ይላሉ። በሚረር ትሬዲንግ ጉዳይ የኬፕታውን ፍርድ ቤት በ2023 ድርጅቱን ሕገወጥ ብሎ ከአባላቱ ጋር የገባውን ውል ዋጋ አልባ አደረገው። ከዚያ የድርጅቱን ንብረት የሚያጣሩት ባለሙያዎች ካስገቡት በላይ ያወጡትን ሰዎች ትርፉን እንዲመልሱ መጠየቅ ጀመሩ።